የታጠበ ሁሉ አይቀባም

ቁመቱ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ ሰውዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንገላታኝ ብል ታምኑኛላችሁ? ባታምኑም አልቀየምም። እኔም ራሴ ሰውዬውን በእጄ ባልይዘው ኖሮ አላምንም ነበር።

ሰውዬው ታንኳ ቀዛፊ ነው። የተሠራው ሬዚን ከሚባል ነገር ነው። ሬዚን ማር የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ነው፤ ማሽን ውስጥ ይገባና ብርሃን እየመታው፣ ስስ በስስ እየተደራረበ ይደርቅና ሰውም ጀልባም ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ የእኔ አይደለም። አዲስ አበባ የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ሀብታሙ የሚሠራበት ቤት ነው ያለው። እኔ ቅርጹን በኮምፒውተር ሠርቼ እልክለታለሁ፤ እሱ አትሞ ይልክልኛል፤ ማጽዳቱና ቀለም መቀባቱ የእኔ ነው። ይህን ማንም አላስተማረኝም። ባሕር ዳር በምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት፣ ከስልኬ እያየሁ ለቃቀምሁት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ችግር አለበት፤ ሲሳሳት የሚያማው አስተማሪ የለውም።

ነገሩ የጀመረው ሐጂ ሰይድ ሱቅ ነው። ሐጂ ቀለም፣ ሚስማር፣ ቧንቧና ቁልፍ ይሸጣሉ። ከሱቃቸው ጀርባ ወደ ሐይቁ የሚያይ ሰፊ መስኮት ያላት አንዲት ክፍል አለች፤ ባዶ ካርቶን ይከማችባታል። እኔ የምኖርበት ክፍል መስኮት ግን የደብተር ገጽ ቢያህል ነው። የቀዛፊ ቅንድብ ለሚስል ሰው ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ብሩሽ ልገዛ በሄድሁ ቁጥር ዓይኔ ወደዚያች ክፍል ያመልጣል።

«ምን ታያለህ?» አሉኝ ሐጂ አንድ ቀን። «የምሸጠው እኮ እዚህ ፊት ለፊት ነው።»

እኔ ሲጠይቁኝ መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ የሚቀር ሰው ነኝ። ስልኬን አውጥቼ የሠራኋቸውን ጥቃቅን ሰዎች ፎቶ አሳየኋቸው። ወፍ የያዘ፣ በሬ የሚነዳ፣ ታንኳ የሚቀዝፍ። ታንኳው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አባቴ በታንኳ ነበር የሚነግድ» አሉ። «ጨውና አቡጀዲ ጭኖ፣ ራሱ እየቀዘፈ። እኔ ጆንያው ላይ፣ እሱ ከኋላዬ።» ስልኬን መለሱልኝ። «ፎቶ የለውም። አንድ እንኳ።»

ወዲያው ነጋዴነታቸው ተመለሰ። «ታንኳና ቀዛፊ ሥራልኝ። በሱቄ መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ደስ ካለኝ ክፍሏ ያንተ መሥሪያ ትሁን። ግን የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ ከጁምዓ ስመለስ አልቆ ልየው። የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ሰው በዚህች ክፍል ነዝንዞ ነዝንዞ ገድሎኛል፤ ቅዳሜ መልስ እሰጥሃለሁ ብየዋለሁ።»

ሦስት ጧት ሐይቁ ዳር ሄጄ ታንኳዎቹ የሚሠሩበትን የደንገል ሸምበቆ ማሰሪያ ቆጠርሁ። አንዱ ታንኳ አሥራ አንድ ነበረው፤ አንዱ አሥራ ሦስት። ባለታንኳውን «ትክክለኛው ስንት ነው?» ብለው «የማይሰምጠው» አለኝ። መሐሉን ወስጄ አሥራ ሁለት አደረግሁና ቅርጹን ለሀብታሙ ላክሁ።

ዕቃው በአውቶቡስ ሲመጣ አንድ ሳምንት አልቋል። ካርቶኑን ስከፍት ሰውዬው እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ለሀብታሙ ደወልሁ።

«ይጣበቃል» አልሁት።

«አላጠብኸውማ!»

«አንተ አጥበህ አይደለም የምትልከው?»

«አውቶቡሱ እንዳያመልጠኝ ብየ ነዋ! ጓንት አድርግና በአልኮል እጠበው፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጣው። አልኮሉ ጠንካራ ይሁን።»

«የት አገኛለሁ?»

«ባሕር ዳር ተቀምጠህ አልኮል የት አገኛለሁ ትላለህ?» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ፋርማሲ ሄድሁ፤ ያላቸው ያ የሚዝለገለገው የእጅ ማጽጃ ብቻ ነው። ስለዚህ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አረቄ ቤት ገባሁ።

«ዳግም አረቄ አለ?»

«ከሐሙሲት የመጣ አለ፤ ክብሪት ብትጭርበት ይነዳል» አለች ባለቤቷ። «ለስንት ሰው ነው?»

«ለአንድ። ትንሽ ሰው ነው።»

«ትንሽ ስትል?»

ልኩን በጣቴ አሳየኋት። ጣቴንም እኔንም እያፈራረቀች አየችን።

«ሊጠጣው አይደለም» አልሁ ነገሩን ለማቅናት። «ሊታጠብበት ነው።»

«ወንድሜ፣» አለች ጠርሙሱን እያቀበለችኝ፣ «ገና ሳትቀምሰው እንዲህ ካልህ ስትቀምሰው ምን ልትል ነው?»

እዚህ ላይ አከራዬን እትዬ ውዴን ላስተዋውቃችሁ። እትዬ ውዴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ሠላሳ ዓመት ክር የሚነከርበት ቀለም ክፍል ሠርተዋል። ልጆቻቸው በየአገሩ ስለተበተኑ የግቢው ተከራይ ሁሉ ልጃቸው ነው። አንድ የማይደራደሩበት ነገር አላቸው፤ የነጣ ቆዳ። «ሰው ድሃ ቢሆን ምን አለበት፤ አመዳም አይሁን እንጂ» ይላሉ። የቫዝሊን ዕቃቸው ከኪሳቸው አይለይም። ወደ ሥራ ስወጣ በር ላይ ይዘውኝ ክርኔን የቀቡበት ቀን አለ።

እንግዲህ ያን ቀን በሩን ሲከፍቱ ያዩት ይህ ነው፦ ጓንት ያጠለቀና አፍና አፍንጫውን የሸፈነ ተከራይ፣ ግማሽ ብርጭቆ አረቄ፣ አረቄው ውስጥ የጥርስ ብሩሽ።

«የኔ ጌታ፣» አሉ በሩን እንደያዙ፣ «ጥርስህን በአረቄ ነው የምትፍቅ?»

«ሬዚን ነው እትዬ ውዴ።»

«እንግዲህ ስሙን ብትለውጠውም አረቄ አረቄ ነው» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ ሰላምታ የሚሰጠኝ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ በሽተኛ «በርታ» ይለኝ ጀመር። ዝምተኛ ሰው ላይ ወሬ ቶሎ ይበቅላል፤ የሚነቅለው የለማ።

ሰውዬውን ከነታንኳው ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። መጣበቁ ለቀቀ። የብርጭቆ ወረቀትና ፕራይመር ልገዛ ሐጂ ሱቅ ስሄድ፣ ሥራው መጀመሩን ላሳያቸው ብየ ይዤው ሄድሁ። ስህተት ነበር። ማሽኑ ሲያትም ሰውዬው እንዳይወድቅ ቀጫጭን ድጋፎች ይተክልበታል፤ በባሕር ዛፍ መወጣጫ የተከበበ ያላለቀ ፎቅ ይመስላል። ያን ገና አልቆረጥሁለትም። ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉ፤ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ይኼ ሰውዬ ጠጥቷል።»

«ታጥቦበት ነው ሐጂ።»

«አባቴ አንድ ቀን ቀምሶ አያውቅም» አሉ። «አንተ መጀመሪያ አሰርኸው፤ ቀጥለህ አጠጣኸው። በዚህ ሽታ ሱቄ አይገባም። ፍታውና በሥርዓት አጥበህ አምጣው።»

ቤት ገብቼ በሳሙናና በውሃ ሦስት ጊዜ አጠብሁት። ከዚያ መፍታቱ መጣ። ለዚህ ሥራ የተሠራ መቁረጫ አለ፤ እኔ ያለኝ ግን የጥፍር መቁረጫ ነው። ሠላሳ ሰባቱን ድጋፎች አንድ በአንድ በሰላም ቆረጥሁ። ሠላሳ ስምንተኛው ድጋፍ አልነበረም። አውራ ጣቱ ነበር።

የጤፍ ፍሬ የምታህል ጣት ሲሚንቶ ወለል ላይ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? ተንበርክኬ ፈለግሁ፤ በአፌ እፍ እያልሁ ፈለግሁ፤ በኋላ ነው እፍ ማለቱ እንዳራቃት የገባኝ። ሳጣት ጋራዥ ሄጄ ጣት የምሠራበት የመኪና ስቱኮ ለመንሁ።

«ለየትኛው መኪና ነው?» አለ መካኒኩ።

«ለመኪና አይደለም፤ ለጣት ነው።»

እጆቼን ገልብጦ አየ። አሥሩም አሉ። በላስቲክ ቋጥሮ ሰጠኝ።

የመጀመሪያው ጣት ቀጠነና ተሰበረ። ሁለተኛው ወደ ኋላ ዞረ። ሦስተኛው ያዘ፤ ግን ወፈረ። ከጎኑ ካሉት አራት ጣቶች ጋር ጭራሽ የማይተዋወቅ፣ ከሌላ ሰው የመጣ ጣት መሰለ። አራተኛ ልሞክር ስቱኮውን አነሣሁ። ግን ማክሰኞ ሆኗል፤ ዓርብ ደግሞ ጣት አይጠብቅም። ተውሁት።

ረቡዕ ጧት የድጋፎቹን ጠባሳ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁ። ውሃ እየነከርሁ ነው የምፍቀው፤ የሬዚን ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። በንጹሕ ውሃ አለቅልቄ መስኮቱ ላይ ሳሰጣው ሰውዬው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ነጥቶ ደረቀ። ትክክል ነው፤ የተፋቀ ሬዚን ይነጣል። ፕራይመር የሚባለው ከቀለም በፊት የሚነፋ ስስ ግራጫ የሚወደው እንዲህ ያለውን ደረቅ ገላ ነው። እሱ ከያዘ ቀለሙ ሁሉ ይይዛል፤ እሱ ካልያዘ ምንም አይይዝም።

ወደ ሥራ ስወጣ እትዬ ውዴ ግቢውን ይጠርጋሉ። የአረቄውን ወሬ ትንሽ ላለዝብ ብየ፣ ሥራ ላይ መሆኔን ነገርኋቸው።

«ሰውዬው ታጥቧል፣ ደርቋል፤ እንግዲህ መቀባት ብቻ ነው የቀረው» አልሁና ሄድሁ።

አሁን እናንተ ከእኔ ቀድማችሁ ገብቷችኋል። እኔ ግን ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ ምንም አልገባኝም። ሰውዬውን አነሣሁት፤ በአመሻሹ ፀሐይ አብረቀረቀ። በአፋፋቄ ኮራሁ። ደጃፌ ደረጃ ላይ ካርቶን ውስጥ አቆምሁት፤ የፕራይመሩን ጣሳ በደንብ ናጥሁት፤ አንድ ስስ ዙር ነፋሁ።

ግራጫው እየሸሸ፣ ነጠብጣብ እየሠራ ተሰበሰበ። ሐጂ ቢያዩት «አባቴ ኩፍኝ ወጣበት» ነበር የሚሉ።

መጀመሪያ ሐይቁን ወቀስሁ፤ እርጥበቱ ነው አልሁ። ቀጥዬ ጣሳውን፣ ቀጥዬ ሀብታሙን ወቀስሁ። ተወቃሽ ስጨርስ ራሴ ላይ ደረስሁ። ክፍሏ ወደ ስልክ ሽፋን ሻጩ ስትሄድ ታየችኝ፤ ያ ሁሉ ብርሃን የፕላስቲክ ልባስ ላይ ሲፈስ። እዚያው ደረጃው ላይ እንደተቀመጥሁ እትዬ ውዴ ብቅ አሉ።

«አየኸው? አማረበት አይደል?»

«ማን?»

«ሰውየህ ነዋ! ቀባሁልህ እኮ። እንዴት ነጥቶ ነበር፤ አንጀቴን በላው! ከራሴ ቫዝሊን፣ ለሰው ከማልሰጠው። ጆሮው ሥር ሳይቀር፣ በጥጥ።»

ለምን ቀቡት ልላቸው አልችልም። በእኛ አገር ሰው እንዲህ አድርጉልኝ ብሎ በቀጥታ አይለምንም። «ውኃው እኮ አለቀ» ያለ ሰው ቅዱልኝ ማለቱ ነው። «ታጥቧል፣ ደርቋል፣ መቀባት ብቻ ነው የቀረው» ያለ ሰውስ? ሕፃን ታጥቦ ሲደርቅ ምን ይደረጋል? ይቀባል። «ማታ መጥቼ በቀለም እቀባዋለሁ» ብል ምን ነበረበት? እኔ ግማሹን ብቻ ተናግሬ ሄድሁ። ዓረፍተ ነገር ስቆጥብ ኖሬ ኖሬ ሰውዬ አስበላሁ።

ካርቶኑን አሳየኋቸው። አጎንብሰው አዩ። ቀና አሉ። እንደገና አጎነበሱ።

«ቆይ» አሉ ቀስ ብለው። «ቅባት ላይ ነው ቀለም የነፋኸው?»

«አላወቅሁም ነበር።»

«እኔስ? እኔስ አላውቅም?» እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ሠላሳ ዓመት! ቅባት የነካው ክር ቀለም አይቀበልም እያልሁ ስንቱን አዲስ ሠራተኛ ያስለቀስሁ ሴት!» ደረጃው ላይ ከጎኔ ተቀመጡ። ድምፃቸው ወረደ። «ምን ላድርግ ልጄ። ሰው መሰለኝ።»

ሰው መሰለኝ። አያችሁ፣ ማልቀስ የሚገባኝ ሰዓት ላይ ደስ አለኝ። ስንት ወር ስፍቅ፣ ስቆርጥ፣ ቅንድብ ስስል ስፈልገው የነበረ ቃል ነው። ፊቴ ላይ ሳይታወቅብኝ አልቀረም፤ እትዬ ውዴ ትክ ብለው አዩኝና ብድግ አሉ።

«በል ፊትህን ታጠብ። ነገ ጧት በእንዶድ እንገናኛለን።»

«እንዶድ?»

«ታዲያ በምን? የነጠላ ቅባት የሚያስለቅቅ እንዶድ የአንድ ጣት ሰውዬ ያቅተዋል?»

ሐሙስ ጧት ፎቶ ኮፒ ቤት ደውዬ አሞኛል ብየ ቀረሁ፤ ውሸትም አልነበረም። እትዬ ውዴ የደረቀውን እንዶድ ወቅጠው በውኃ መቱት፤ አረፋው ከጣሳው አፍ ወጣ። ውኃው ትኩስ ከሆነ ሬዚኑ ይጣመማል ብየ ልነግራቸው ስዘጋጅ፣ ክርናቸውን ነክረው «ለብ ብሏል፤ ክሩም የሚወደው ይህንኑ ነው» አሉ። ሰውዬውን ሊያነሡት እጃቸውን ሲዘረጉ እጃቸው አብለጨለጨ። መልሱ እንደ ልማዱ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ። በዚህ ጊዜ ግን ሰልፉን ገፋሁት።

«እትዬ ውዴ፣ እጅዎ ላይ ቫዝሊን አለ፤ ስለዚህ እባክዎ በዚህ ንጹሕ ጨርቅ ይያዙትና እኔ በብሩሹ ልሸው፣ ከዚያ በኋላም እኔ ብቻ ልንካው።»

«ይኼው!» አሉ ጨርቁን እየተቀበሉ። «አንደበት አለህ ለካ!»

ፕራይመሩ ሳይይዝ መቅረቱ አሁን ጠቀመን፤ ከቫዝሊኑ ጋር ተያይዞ ወረደ። ሁለት ጊዜ በእንዶድ፣ ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውኃ። ውኃውን ወደ ቦዩ ልደፋ ስሄድ እትዬ ውዴ ጮኹብኝ።

«ያ ቦይ ሐይቅ ነው የሚወርድ! እንዶድ ዓሣ ይፈጃል። አንድ ቀዛፊ አጥበን ስንቱን ዓሣ እንጨርስ?»

ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት። ከዚያ ሰውዬው ራስ ላይ ንጹሕ ውኃ አንጠባጠብሁ። ቅባት ያለበት ገላ ላይ ውኃ ይሰበሰባል፤ ይህ ግን ለጥ ብሎ በትከሻው፣ በክንዱ ወረደ። ሁለታችንም እስትንፋሳችንን ይዘን ነበር፤ አብረን ለቀቅነው።

ሲደርቅ፣ ሐይቁ የከሰዓቱን ነፋስ ሳይልክብን፣ እንደገና፣ አሁን ከታንኳውና ከጆንያዎቹ ጋር፣ ነፋሁ። ስስ አንድ ዙር፤ ቆም፤ ስስ ሌላ ዙር። እትዬ ውዴ የሐይቅ ዳር ትንኝ እርጥቡ ላይ እንዳያርፍ ነጠላቸውን እያራገቡ ቆሙ። ግራጫው ጥርት ብሎ ያዘ። የነጠላውን መስመር፣ የቆቡን ስፌት፣ አሥራ ሁለቱንም ማሰሪያ ለየ። ያንን ጣትም ለየው። ቀሪውን ሐሙስና የዓርብን ጧት ቀለም ቀባሁ፤ ቀዛፊውን ታንኳው ላይ አጣበቅሁ፤ ከኋላ፣ ጆንያዎቹ ከፊት።

ሐጂ ከጁምዓ ሲመለሱ የሱቁ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ተቀበሉኝና መጀመሪያ አሸተቱት።

«ዛሬ ጾሙን ነው» አሉ።

መነጽራቸውን አደረጉ። ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። ታንኳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።

«ማሰሪያው አንድ በዝቷል» አሉ በመጨረሻ። «የእኛ አሥራ አንድ ነበር።»

ሦስት ጧት የቆጠርሁት! ክፍሏ አመለጠችኝ አልሁ። ሐጂ ግን ታንኳውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ምኑን ሐጂ?»

«አውራ ጣቱን።» ድምፃቸው ሻከረ። «አባቴ እንዲህ ወፍራም አውራ ጣት ነበረው። በልጅነቱ ታንኳና ድንጋይ መሐል ተቀርቅሮ ያበጠ፣ እንደዚያው የቀረ። ‹ማንኪያ› እንለው ነበር። ማንም አያውቀውም እኮ። እኔ እንኳ ረስቼው ነበር።»

የጥፍር መቁረጫው ነው ልል አፌን ከፈትሁ። መልሱ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ። ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ አየሁና ሰልፉን በተንሁት። እውነቱን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ።

ሐጂ ከሚሸጡት ቁልፍ አንድ አዲስ መርጠው የክፍሏ በር ላይ ራሳቸው ገጠሙት። «የስልክ ሽፋኑ ሰውዬ» አሉ እያጠበቁ፣ «ሌላ ቦታ አይጠፋለትም።»

ይኸው ዛሬ የምጽፍላችሁ ከዚያችው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። እትዬ ውዴ በሳምንት ሁለት ቀን እንዶዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ሰዎቹን የሚያጥቡ እሳቸው ናቸው፣ በጨርቅ ይዘው። ትናንት አሥራ አንድ ትናንሽ ሰዎች ታጥበው፣ ተፍቀው፣ መስኮቱ ላይ ተሰልፈው ነጥተው ሲደርቁ፣ እትዬ ውዴ ወንበር ስበው ተቀመጡና አዩአቸው። ፊታቸው ላይ ሐዘኑ ይታያል። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ኪሳቸው ሄደ። ቫዝሊኑ ወጣ። ክዳኑ ተከፈተ።

«እትዬ ውዴ!» አልሁ።

«አውቄአለሁ፣ አውቄአለሁ» አሉና የገዛ ክርናቸውን ቀቡ።